ከሽቦ እስከ ሞገድ፦ የስልክ ታሪክ በወለጋና ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን መሣሪያ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1876 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ መሣሪያው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰማ። ከቤተ መንግሥቱ ተነሥቶ በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ ከነቀምቴ በስተ ደቡብ በሚገኘው በኑኑ ቁምባ ወረዳ ውስጥ ለሚኖር ገበሬ የግል መገልገያ እስኪሆን ግን ከአንድ ምዕት ዓመት የበለጠ ጊዜ ፈጀ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት የጊዜ ርቀቶች ንጽጽር ነው። ይኸውም አንድ አዲስ የመገናኛ ዘዴ ባሕርን ተሻግሮ ወደ አገር ለመግባት እንዲህ ከፈጠነ፣ በአገር ውስጥ ከመናገሻው ከተማ ወደ ገጠር ለመድረስ ስለምን ይህን ያህል ዘገየ? ከዚህስ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችና መምህራን ምን ሊማሩ ይችላሉ? የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለትምህርት ባለሙያዎች እንግዳ ሆኖ ሊታይ አይገባም። ስልክ የሽቦና የሞገድ ሥራ ብቻ ሳይሆን ማን ይናገራል፣ ማን ይሰማል፣ የሰማውስ መልስ የመስጠት ዕድል አለው ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች የሚያስነሣ የኅብረተሰብ ጉዳይ ነው። እነዚህም ጥያቄዎች በየክፍሉ የሚነሡ የትምህርት ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

1. ከስልክ በፊት የነበረው የመልእክት ሥርዓት

ስልክ ባዶ ቦታ ላይ አልመጣም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት የመጨረሻ ዐሥርታት ሌቃ ነቀምቴ በበከሬ ጎዳና፣ ከእርሳቸውም በኋላ በልጃቸው በሞረዳ በከሬ ይገዛ የነበረ፣ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድና በቡና ንግድ የታወቀ አገር ነበር። ሞረዳ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ለራስ ጎበና ዳጬ ከገቡ በኋላ፣ በተለይም በልጃቸው በኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ዘመን፣ በነቀምቴና በአዲስ አበባ መካከል የማያቋርጥ የደብዳቤ ልውውጥ ይካሄድ ነበር። ከዚህ ልውውጥ የተረፉት ደብዳቤዎች በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታኣ ተሰብስበው በ2004 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። ደብዳቤዎቹ ለታሪክ ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለመገናኛ ታሪክም ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። አንድ ትእዛዝ ከመናገሻው ከተማ ተነሥቶ በበቅሎ ወይም በእግረኛ ወለጋ ሲደርስ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ሲመለስ ሳምንታት ያልፉ ነበርና የአገር ገዥው በመካከሉ በራሱ አስተያየት መሥራት ነበረበት።

በሕዝቡም ዘንድ የራሱ የሆነ የመልእክት ሥርዓት ነበረ። በኦሮሞ ሥርዓት ሕግ በጉባኤ ከተመከረበት በኋላ በላላባ ለሕዝብ ይነገር ነበር። የገበያ ቀንም የሸቀጥ መለዋወጫ ብቻ ሳይሆን የወሬ መለዋወጫ ነበር። የሞተው፣ የታመመው፣ የተጋባው፣ የጠፋው ከብት ሁሉ በገበያ ይሰማ ነበር። የዚህ ሥርዓት ጠባይ ሰሚው ወዲያውኑ ጠያቂ ሊሆን መቻሉ ነው። የነገረው ሰው ከፊቱ ቆሟልና። ወደፊት እንደምናየው ይህ ጠባይ በሽቦ ዘመን ጠፍቶ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደገና የተገኘ ነገር ነው።

2. ሽቦው ወደ ምዕራብ

በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን ወልደ ሚካኤል በ1882 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደ መጡ በሰፊው ይታወቃል። በመጀመሪያ የተሞከረውም በቤተ መንግሥቱና በግምጃ ቤቱ መካከል ነበር። አካል የሌለው ድምፅ ሲናገር የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙና ዳግማዊ ምኒልክ ግን በሐሳባቸው እንደ ጸኑ ይነገራል። የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት የምሥረታ ዘመኑን የሚቆጥረው ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ሆነ። ከዚያም በ1902 እና በ1904 እ.ኤ.አ. መካከል የአዲስ አበባና የአሥመራ መስመር ተዘረጋ። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ዐሥርታት ደግሞ ሽቦው ወደ ጅማ፣ ወደ ጎሬና ወደ ወለጋ አቀና።

ወደ ምዕራብ ያቀናበት ምክንያት ግልጽ ነው። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና፣ ወርቅና ሰም ለመንግሥት ግምጃ ቤት ታላቅ ገቢ ያስገኙ ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ላይ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ካቋቋሙ ወዲህ ከሱዳን ጋር የሚደረገው ንግድ እየሰፋ ሄደ። ስለዚህ ስልኩ የተተከለው ገዥው በሚኖርበት ግቢና ቀረጥ በሚከፈልበት ኬላ ነበር። ትእዛዝ በፍጥነት እንዲወርድ፣ የገቢውም ሒሳብ በፍጥነት እንዲታወቅ ታስቦ የተሠራ መስመር ነበርና በመስመሩ ሥር የሚያልፈው ገበሬ የእንጨቱ ተሸካሚና ጠባቂ እንጂ ተናጋሪ አልነበረም።

የጥንቱ መስመር ችግር ብዙ ነበር። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ዝሆን ይጥለዋል፤ ዝንጀሮ ይንጠለጠልበታል፤ ሽቦውንም ለአምባር የሚፈልግ ሰው ይቆርጠዋል። ርቀቱ ድምፁን ስለሚያደክመው መልእክቱን ከአንዱ ስልክ ቤት ወደ ሌላው እየተቀበሉ የሚያስተላልፉ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። እነዚህ ስልከኞች የሚባሉት ሠራተኞች ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የሚያስተላልፉ መሆን ነበረባቸው። በመሆኑም ስልክ የዘመናዊ ሥራ ዕድል የከፈተው ትምህርት ላላቸው ሰዎች ሲሆን፣ የጽሕፈት ዕውቀት በቤተ ክህነትና በቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በስልክ ቤትም የሚፈለግ ሙያ ሆነ።

ስያሜውም ቢሆን የሚያስተምረን ነገር አለ። በአማርኛ ስልክ የሚለው ቃል ሽቦ የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። በኦሮምኛ ግን መሣሪያው ቢልቢላ ይባላል፤ ቢልቢላ ማለት ደግሞ ደወል ማለት ነው። አንደኛው ቋንቋ ዕቃውን በተዘረጋው ሽቦ ሲጠራው ሌላው በሚሰማው ጥሪ ጠራው። ዛሬ ሽቦው ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ደወሉ ግን እንደ ተሰማ ነው።

3. ስልክ ቤትና የጥሪ ወረቀት

ኢትዮጵያ በ1932 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ብትሆንም፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሽስት ወረራና የነጻነቱ ጦርነት ነባሩን የመገናኛ መረብ ክፉኛ ጎድተውታል። ከነጻነት በኋላ የተጀመረው ጥገና በቂ ስላልሆነ መንግሥት በ1951 እ.ኤ.አ. ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ተበደረ። ጥቅምት 5 ቀን 1945 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 131 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ራሱን ችሎ በገቢው የሚተዳደር ድርጅት እንዲሆን የታሰበ ሲሆን፣ የራሱን ቴክኒሻኖች የሚያሠለጥንበት ተቋምም ነበረው።

ራሱን በገቢው የሚያስተዳድር ድርጅት ሥራውን ከፋይ ወደሚገኝበት ማስፋፋቱ ግድ ነው። ስለዚህ ስልክ በቅድሚያ የተስፋፋው በአዲስ አበባና በታላላቅ ከተሞች፣ ከዚያም በጠቅላይ ግዛትና በአውራጃ ዋና ከተሞች ነበር። የወለጋ ርእሰ ከተማ የሆነችው ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአምቦና በባኮ በኩል የሚያልፈው መንገድና የስልኩ መስመር በአንድነት የከተማይቱን ዕድገት ረድተዋል። ይሁን እንጂ በከተማ ውስጥ ስልክ በቤቱ ያስገባው መሥሪያ ቤት፣ ነጋዴና ባለሥልጣን ነበር። የቀረው ሕዝብ የሚገለገለው በስልክ ቤት ነበር።

የስልክ ቤቱ አሠራር በዛሬ ወጣቶች ዘንድ የተረሳ ስለሆነ በጥቂቱ ማስታወስ ይገባል። ዘመዱን በስልክ ማነጋገር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ በመስኮቱ በኩል የጥሪውን ገንዘብ ይከፍላል። ተጠሪው በሚኖርበት ከተማ ያለው ስልክ ቤት የጥሪ ወረቀት ጽፎ በመልእክተኛ ይልካል። ተጠሪውም በተባለው ቀንና ሰዓት መጥቶ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ኦፕሬተሯ መስመሩን አገናኝታ ስም ትጠራለች። ንግግሩ የሚቆጠረው በሦስት ሦስት ደቂቃ ነው። ሰዎች የሚናገሩትን አስቀድመው በልባቸው አዘጋጅተው ይመጡ ነበር። ሆኖም ከሦስቱ ደቂቃ የበዛው በሰላምታና በጤና ጥየቃ ያልቅ ነበር። የጥሪ ወረቀት ወደ ቤት ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው መርዶን ነበር፤ ሰው ያለ ከባድ ነገር ይህን ሁሉ ወጪና ድካም አያደርግምና።

መምህራንም የዚህ ሥርዓት ተካፋዮች ነበሩ። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ ወለጋ ገጠር የገባ መምህር ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በፖስታ ነበር። ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥመው ስልክ ወዳለበት ከተማ በእግርና በመኪና ይጓዝ ነበር። ለደመወዙ፣ ለመማሪያ መጻሕፍቱና ለፈተና ወረቀቱም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤቱ መልእክት ተቀባይ እንጂ ጠያቂ የሚሆንበት ቀላል መንገድ አልነበረውም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ድርጅቱ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት፣ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተባለ። በ1971 ዓ.ም. በሱሉልታ የተቋቋመው የሳተላይት ጣቢያ አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ አገናኘ። እንዲህም ሆኖ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር መነጋገር እየቀለለ በሄደበት በዚያው ዘመን፣ ከወረዳ ከተማ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚላክ መልእክት በእግረኛ መሄዱን ቀጥሎ ነበር። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአገሪቱ ለመቶ ሰው አንድ የስልክ መስመር እንኳ አይደርስም ነበር።

በዚህ ዘመን ለኋለኛው ታሪክ መሠረት የሆነ ሌላ ሥራ ተሠርቷል። ይኸውም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ኦሮምኛን ጨምሮ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በገጠር የሚኖሩ አያሌ ጎልማሶች ስማቸውን መጻፍና ደብዳቤ ማንበብ ጀመሩ። ስልክ ያልደረሰበት ቦታ ፊደል ቀድሞ ደረሰ።

4. ተንቀሳቃሽ ስልክ

በ1989 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሲባል የቁጥጥሩ ሥራ ለብቻው ለሌላ ባለሥልጣን ተሰጠ። በዚያው ዓመት የኢንተርኔት አገልግሎት ተጀመረ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ ክፍላተ ሀገር ከተሞች ተስፋፋ። በመጀመሪያ ሲም ካርድ በምዝገባና በወረፋ የሚገኝ ውድ ዕቃ ነበር። ሞባይል መያዝም የሀብትና የሥልጣን ምልክት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኮርፖሬሽኑ ከቻይናው ዜድ ቲ ኢ ኩባንያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የብድርና የግንባታ ስምምነት ተፈራረመ። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተመሠረተ። በ2005 ዓ.ም. ከዜድ ቲ ኢና ከሁዋዌ ጋር በጠቅላላው 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሆነ ሁለተኛ የማስፋፊያ ውል ተደረገ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የድርጅቱ ደንበኞች ቁጥር 78.3 ሚሊዮን ደርሷል። ከ1887 ገደማ ጀምሮ ለአንድ መቶ ዓመት ከተሠራው ይልቅ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለዚህ ፈጣን መስፋፋት የቴክኒክ ምክንያቱ ቀላል ነው። የሽቦ ስልክ ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ሽቦና እንጨት ይጠይቃል። የሞባይል ማማ ግን አንድ ጊዜ በኮረብታ ላይ ከተተከለ በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። እንደ ወለጋ ያለ ሸለቆና ተራራ የበዛበት አገር ለሽቦ እንቅፋት ቢሆንም ተራራው ራሱ ለማማ መቀመጫ ሆነ። ችግሩ ግን ጨርሶ አልተወገደም። ማማውን የሚጋርድ ሸንተረር ባለበት ሁሉ ሞገዱ ይቋረጣል። ስለዚህ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታ መውጣት የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል።

ከኔትወርክ ቀጥሎ ያለው ችግር ኃይል ነው። በሆሮ ጉድሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ማመንጫ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ቢያመነጭም፣ በወለጋ ያሉ አያሌ የገጠር ቀበሌዎች ለብዙ ዘመን ያለ መብራት ኖረዋል። ገበሬው ስልኩን የሚሞላው በገበያ ቀን ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ላለው ነጋዴ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ነው። ገበያው እንደ ጥንቱ የወሬ መለዋወጫ መሆኑን ሳይተው አሁን ደግሞ የስልክ መሙያ ሆነ።

በሌሎች አገሮች የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። በባንግላዴሽ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገጠር ሴቶች ብድር እየወሰዱ ለመንደራቸው ስልክ ያከራዩ ነበር። በኬንያ በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤም ፔሳ የገንዘብ መላኪያ ዘዴ የባንክ ደብተር ለሌለው ሰው በር ከፈተ። በኢትዮጵያ ተመሳሳዩ አገልግሎት ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ወር ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ተሰጥቶ ለመቶ ዓመታት የዘለቀው የአንድ ድርጅት አገልግሎት አበቃ። መዘግየቱ ከቴክኒክ ችግር ይልቅ የፖሊሲ ምርጫ ውጤት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. ፊደልና ስልክ

ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ስልክ በጽሕፈት ልማድ ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። በወለጋ የኦሮምኛ ጽሕፈት ታሪክ ረጅም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦኔሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ መጥተው ሲያስተምሩም በዚሁ ፊደል ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም የኦሮምኛ መጻሕፍት በግዕዝ ፊደል ተዘጋጅተዋል። በ1984 ዓ.ም. ግን ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ለኦሮምኛ ጽሕፈት ተመረጠ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በዚሁ ይሰጥ ጀመር።

ይህ ውሳኔ ሲደረግ ሞባይል በኢትዮጵያ አልነበረም። ሆኖም ርካሹ ስልክ ወደ ገጠር በገባ ጊዜ ቁልፎቹ የላቲን ፊደል የያዙ ነበሩና በቁቤ የተማረው የወለጋ ወጣት ያለ አንዳች ተጨማሪ ሥልጠና በራሱ ቋንቋ የጽሑፍ መልእክት ሊልክ ቻለ። በግዕዝ ፊደል የሚጽፈው ሰው ግን በእነዚያ ስልኮች አማርኛውን በላቲን ፊደል እየገለበጠ ለመጻፍ ተገደደ። የግዕዝ ፊደል በስልክ ላይ በቀላሉ መጻፍ የተቻለው ስማርት ስልክ ከተስፋፋ በኋላ ነው። አንድ ሕዝብ በየትኛው ፊደል ተማረ የሚለው ጉዳይ ከብዙ ዓመት በኋላ በሚመጣ መሣሪያ ላይ ውጤት እንደሚኖረው ይህ ግልጽ ማስረጃ ነው። የፊደልን ጉዳይ በስሜት ብቻ ለሚመለከቱ ሁሉ የሚጠቅም ማስታወሻ ነው።

ከዚህም በላይ ተማሪው ደብተር ከዘጋ በኋላ ከሚያነበው ነገር እጅግ የሚበዛው በስልክ ላይ የሚያነበው ሆኗል። ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ቀበሌ ስልክ የመጀመሪያው የንባብ ገጽ ነው። አጻጻፉ የተቆራረጠ፣ ሥርዓተ ነጥብ የሌለው፣ ቋንቋዎች የተቀላቀሉበት መሆኑ መምህሩን ሊያሳስበው ይችላል። ነገር ግን ቀድሞ ጨርሶ የማይጽፍ የነበረ ሰው አሁን በየቀኑ መጻፉን መካድ አይቻልም። የመምህሩ ድርሻ ይህን የጽሕፈት ፍላጎት አርሞና አበልጽጎ ወደ ድርሰት ማድረስ ነው።

6. ስልክና ትምህርት ቤት

የመገናኛ ዘዴን ለትምህርት የማዋል ሙከራ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከሬዲዮ ትምህርት በኋላ ታላቁ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት፣ በተለምዶ ፕላዝማ የሚባለው ነበር። ዓላማው በርቀት ያለው የገጠር ተማሪ ከአዲስ አበባው ተማሪ ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ነበር። ይህ ዓላማ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በማይቆም ፍጥነት ይተላለፍ ስለነበር ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ፣ መምህሩም ቆም አድርጎ ለማስረዳት አልቻለም። መምህሩ መግቢያና መደምደሚያ የሚሰጥ ረዳት ሆነ። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ጠፋ።

ይህን ከገዥው ግቢ ስልክ ጋር ማነጻጸር አግባብ ያለው ነው። በሁለቱም መልእክቱ ከመናገሻው ወደ ጠረፍ በፍጥነት ይወርዳል። በሁለቱም ተቀባዩ የሚመልስበት መንገድ አልተዘጋጀለትም። ከዚህ የተለየ አሠራር በግብርናው መስክ ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. በ8028 ቁጥር የተጀመረው የገበሬዎች የምክር አገልግሎት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ ማሳው የሚፈልገውን መርጦ ይሰማል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋን በስልክ ማሳወቁ፣ ነቀምቴ በሚል ስም የሚታወቀውን ቡና የሚሸጥ ገበሬ ከነጋዴው ጋር ሲከራከር የሚጨብጠው ነገር ሰጥቶታል። በእነዚህ ጠያቂው ገበሬው ነው፤ ቋንቋው የእርሱ ነው፤ ሰዓቱም እርሱ የመረጠው ነው።

በትምህርት ቤትም መምህራን ራሳቸው ሳይታዘዙ የጀመሩት ብዙ ነገር አለ። ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ እግረኛ መላኩን ትቷል፤ መምህሩ ስለ ቀረ ተማሪ ወላጅን ይጠይቃል፤ የሒሳብ መምህር በሌላ ወረዳ ካለ ጓደኛው ጋር ስለ አንድ ጥያቄ ይመካከራል፤ የፈተና ውጤትም በስልክ ይታወቃል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በመምህሩ በራሱ ስልክና በራሱ የሞባይል ካርድ መሆኑን ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት ይገባል።

7. መስመሩ ሲቋረጥ

የስልክ ታሪክ የመስፋፋት ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ሁለት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ መጋቢት መጨረሻ ቆየ። በዚህ መካከል መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ስለ በሽታው የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በስልክ በሚሰራጭበትና በቤት ሆኖ መማር በሚመከርበት ሰዓት በወለጋ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም ነበር።

የመዘጋቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ውጤቱን ለትምህርት ሥራ መመርመር ግዴታ ነው። ሰዎች ወደ ጥንቱ ዘዴ ተመለሱ፤ መልእክት በአውቶቡስ ተሳፋሪ ተላከ፤ ወሬ በገበያ ተጠየቀ። ነገር ግን ስልክ ቤቱ፣ የጥሪ ወረቀቱና ደብዳቤ የመጻፍ ልማዱ በዚህ መካከል ጠፍተው ነበርና የተመለሱበት ቦታ እንደ ቀድሞው አልነበረም። አንድ ኅብረተሰብ ነባሩን ዘዴ ትቶ በአዲሱ ላይ ብቻ ከተደገፈ በኋላ አዲሱ ሲወሰድበት ከመነሻው ወደ ኋላ እንደሚቀር ይህ ያሳያል። ስለዚህ በስልክ ላይ የሚመሠረት ማናቸውም የትምህርት ዕቅድ ስልክ በማይኖርበት ቀን የሚሠራበትን መንገድ፣ ይኸውም የታተመ መጽሐፍን፣ ሬዲዮንና በአካል የሚገኝ መምህርን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አራት ነገሮችን ያስገነዝበናል። አንደኛ፣ መስመር የሚሄደው ዓላማ ወዳለው ቦታ ነው። ለገቢ ሲባል ወደ ኬላ፣ ለአስተዳደር ሲባል ወደ ገዥው ግቢ፣ ለክፍያ ሲባል ወደ ከተማ ሄዷል። ለትምህርት ሲባል ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ከተፈለገ ይህ በዕቅድ ተጽፎ በጀት ሊመደብለት ይገባል እንጂ በራሱ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም። ሁለተኛ፣ ሞገድ ያለ ኃይል፣ መሣሪያም ያለ ጥገና ዋጋ የለውምና የትምህርት፣ የኤሌክትሪክና የቴሌኮሙኒኬሽን ዕቅዶች በአንድነት ሊታዩ ይገባል። ሦስተኛ፣ ቋንቋና ፊደል ከመሣሪያው የማይለዩ ናቸው፤ ተማሪው በሚያነበው ፊደልና በሚናገረው ቋንቋ ያልተዘጋጀ ትምህርት በፈጣን መስመር ቢላክም ዘግይቶ ይደርሳል።

አራተኛውና ዋናው ግን መልስ ነው። የስልክ ሽቦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት አቅጣጫ ነበረው። የናቀው ሰው እንጂ መሣሪያው አልነበረም። ለብዙ ዘመን ከላይ ወደ ታች ብቻ የተነገረበት አጠቃቀሙ እንዲህ ስላደረገው ነው። ዛሬ በኑኑ ቁምባ ጉብታ ላይ ወጥቶ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚደውለው መምህር ይህን ረጅም ታሪክ በእጁ ይዟል። መጻሕፍት አልደረሱንም፣ ይህ ምዕራፍ ለልጆቹ ከብዷል፣ ይህኛው ግን ተስማምቷቸዋል ብሎ ሲናገር፣ ከመቶ ዓመት በፊት በመስመሩ ሥር ያለፈው ገበሬ ያላገኘውን ዕድል አግኝቷል። ከጫፉ ስልኩን የሚያነሣና የሰማውን በሥራ ላይ የሚያውል መኖሩን ማረጋገጥ ግን የዕቅድ አውጪዎች ፋንታ ነው።